ካንዴላው እሳት ሲያጣ
የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያወሩት ስለ ትናንሽ የቤንዚን ሞተሮች ነው፤ የመስኖ ውኃ መሳቢያ፣ ጄኔሬተር፣ የዛፍ መቁረጫና የሣር ማጨጃ። ደብዳቤዎቹን በተከታታይ ሳነብ አንድ ነገር አሳሰበኝ። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ችግሩ ከየት እንደ መጣ ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ጀምረዋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ቀይረዋል፣ ለብልጭታው ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨውን ቦቢና ገዝተዋል፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አስፈትተዋል። ትንሽ ሞተር ግን በቅደም ተከተል ለሚጠይቀው ሰው ሕመሙን የሚደብቅ ዕቃ አይደለም። ለመጀመሪያው ደብዳቤ የተሰጠው መልስ ረዘም ያለው የምርመራው ሥርዓት በእርሱ ውስጥ ስለ ተብራራ ነው፤ የሌሎቹ መልሶችም በእርሱ ላይ ይመሠረታሉ።

ጥያቄ፦ በመቂ አካባቢ ሽንኩርት አለማለሁ። ውኃ የምስብበት ሞተር ባለ 163 ሲሲ ሲሆን፣ የታወቀው የሆንዳ ጂኤክስ160 አምሳያ ሆኖ በሌላ ስም የተሸጠ ነው። ከወንዙ ዳር ወደሚገኝ ሌላ ቦታ ካዛወርኩት ወዲህ ገመዱን ምንም ብስብ አልነሣ አለኝ። ካንዴላውን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። አንድ ሠራተኛ «ቦቢናው ተቃጥሏል» ብሎ አዲስ እንድገዛ መከረኝ። ሽንኩርቱ ውኃ ተጠምቷል፤ ሆኖም ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ማየት ያለብኝ ነገር ካለ ብትነግሩኝ።

መልስ፦ አለ። ከሁሉ አስቀድመው ሞተሩ የቆመበትን መሬት ይመልከቱ፤ ምክንያቱም ችግሩ የጀመረው ቦታ ከተቀየረ በኋላ መሆኑን ራስዎ ጽፈዋል። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች በዘይት መያዣቸው ውስጥ የዘይት ማነስን የሚጠብቅ ተንሳፋፊ መሣሪያ አላቸው። ዘይቱ ከልኩ ሲወርድ ይህ መሣሪያ ሞተሩ በደረቁ እንዳይሠራ ብልጭታውን ያጠፋዋል። ሞተሩ በወንዝ ዳር ተዳፋት ላይ ዘንበል ብሎ ሲቆም ዘይቱ በአንድ ወገን ስለሚከማች፣ መጠኑ የተሟላ ቢሆንም እንኳ መሣሪያው እንደ ጎደለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሞተሩን ደልዳላ መሬት ላይ ያስቀምጡና የዘይቱን መሙያ ከፍተው ይዩ። የዚህ ሞተር ሙሉ ልክ 0.6 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ በቆመበት ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ጠርዝ ድረስ መድረስ ይኖርበታል። ጎድሎ ከሆነ ሞልተው፣ ማብሪያው በትክክል መከፈቱን አረጋግጠው ገመዱን ይሳቡ። ምናልባት ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል።

ካላበቃ፣ ብልጭታው እንዴት እንደሚፈጠርና በምን እንደሚጠፋ ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለው ሞተር ለብልጭታው ባትሪ አይፈልግም። ገመዱን ሲስቡ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት፣ ማለትም ቮላኖው፣ በጠርዙ ላይ ማግኔት አለው፤ ማግኔቱ በቦቢናው እግሮች ፊት በፍጥነት ሲያልፍ በቦቢናው ውስጥ ባለው ወፍራም ሽቦ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። አብሮ የታሸገው ትራንዚስተር ይህን ፍሰት በተወሰነች ቅጽበት ድንገት ይቆርጠዋል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሺህ ዙር በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ላይ ከ10,000 ቮልት በላይ ይነሣና በካንዴላው ጫፎች መካከል ዘሎ ያልፋል።

ማብሪያው፣ ማለትም ማጥፊያው፣ የሚሠራበት መንገድ ግን ከቤት መብራት ማጥፊያ ፍጹም ተቃራኒ ነው። የቤቱ ማጥፊያ መስመሩን ይቆርጣል፤ የሞተሩ ማጥፊያ ግን ከቦቢናው የወጣችውን አንዲት ሽቦ ከሞተሩ የብረት አካል ጋር ያገናኛል። ሽቦዋ አካሉን በነካች ጊዜ ብልጭታ አይኖርም። የዘይት ጠባቂውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ይህ ማለት የሽቦዋ ልባስ በመንቀጥቀጥ ብዛት ተልጦ የትም ቦታ ብረት ከነካች፣ ወይም ማብሪያው ውስጥ ጭቃና ውኃ ገብቶ ከሆነ፣ ሞተሩ ሳይነካ እንደ ጠፋ ይቆያል። ቦቢናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ተቃጥሏል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚህም የተነሣ ስንት ጤነኛ ቦቢና እንደ ተጣለ ሳስብ አዝናለሁ።

አሁን ወደ ፍተሻው እንግባ። የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ፤ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርገው እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ጄሪካኑንም ያርቁ። ካንዴላውን ይፍቱና ገመዱን ጥቂት ጊዜ በመሳብ በሲሊንደሩ ውስጥ የቀረውን ትነት ያስወጡ፤ ከዚያም የካንዴላውን ቀዳዳ በጨርቅ ይሸፍኑት። ይህን መዝለል አደገኛ ነው፤ ከቀዳዳው የሚወጣ የቤንዚን ትነት ከብልጭታው ጋር ከተገናኘ ፊት ያቃጥላል። ካንዴላውን ወደ ቆቡ መልሰው ይሰኩትና ጥርሱ ያለበትን የብረት ክፍል ቀለም ከሌለው የሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያስጠጉት፤ ቦታው ከቀዳዳው የራቀ ይሁን፤ ካንዴላውንም በባዶ እጅ ሳይሆን ባለ ፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ይያዙት። ጥላ ባለበት ቦታ ሆነው ገመዱን በኃይል ይሳቡ። በቀስታ የተሳበ ገመድ ቮላኖውን በበቂ ፍጥነት ስለማያዞር ጤነኛ ሞተርም ቢሆን ብልጭታ ላይሰጥ ይችላል። ሰማያዊ ቀለም ያለውና ጠጠር ያለ ድምፅ የሚያሰማ ብልጭታ ካዩ ጥሩ ነው፤ ቢጫ ወይም ቀይ ሆኖ ክር የመሰለ ከሆነ ግን ደካማ ነው።

ምንም ካላዩ ቀጥሎ የሚመረመረው የካንዴላው ቆብ ነው። ቆቡ በወፍራሙ ገመድ ጫፍ ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባና የሚወጣ ነው፤ በውስጡም የኤሌክትሪክ መከላከያ አለው፤ እርሱም ይበጠሳል። ቆቡን ነቅለው የገመዱን ጫፍ ከሞተሩ ብረት አምስት ሚሊሜትር ያህል አርቀው፣ በዚያው ፒንሳ ይዘው ገመዱን ሲስቡ ብልጭታው ከዘለለ ጥፋቱ የቆቡ ነው። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከሆነም ከጫፉ ግማሽ ሴንቲሜትር ቆርጠው ቆቡን እንደገና ማሽከርከር ብቻ ይበቃል።

ቆቡም ካልሆነ የማራገቢያውን መሸፈኛ ፈትተው ከቦቢናው የምትወጣውን ቀጭን የማጥፊያ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜ ጥቁር ናት፣ ከመሰኪያዋ ይንቀሉና እንደገና ይሞክሩ። ከምርመራው ሁሉ ፍሬ ያለው ይህ ነው። ሽቦዋ በተነቀለች ጊዜ ብልጭታ ከመጣ ቦቢናው ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ጥፋተኛው ከሽቦዋ፣ ከማብሪያውና ከዘይት ጠባቂው አንዱ ነው። ሦስቱን አንድ በአንድ እየመለሱ ቢሰኩ ብልጭታው የሚጠፋበት ላይ ጥፋተኛውን ያገኙታል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልብ ይበሉ፤ ሽቦዋ ተነቅላ ሞተሩ ከተነሣ በማብሪያው አይጠፋም፤ የቤንዚኑን መዝጊያ በመዝጋት ወይም የካርቡራተሩን የአየር መዝጊያ (ቾኩን) እስከ መጨረሻው በመዝጋት ብቻ ነው የሚቆመው። በዚህ ሁኔታም ለዕለት ሥራ አያውሉት፤ በተለይ የዘይት ጠባቂውን እንደ ተነቀለ መተው ሞተሩን በአንድ ቀን ሊያሳጣዎት ይችላል።

ሽቦዋ ተነቅላም ብልጭታ ከሌለ ያን ጊዜ ወደ ቦቢናው እንመጣለን፤ እርሱንም ቢሆን ወዲያው አንፈርድበትም። የቮላኖው ማግኔትና የቦቢናው እግሮች ዝገው ከሆነ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱአቸው። ቦቢናው ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው በሁለቱ ብሎኖች በኩል ስለ ሆነ፣ የብሎኖቹም መቀመጫ ከዝገትና ከቀለም መጽዳት አለበት። በማግኔቱና በእግሮቹ መካከል ያለው ክፍተት ለዚህ ሞተር 0.4 ሚሊሜትር ሲሆን ከ0.2 እስከ 0.6 ያለው ይፈቀዳል። የክፍተት መለኪያ ባይኖር ጠንከር ያለ የስም ካርድ በመካከል አስገብተው፣ ማግኔቱ ቦቢናውን ወደ ራሱ ሲስበው ብሎኖቹን አጥብቀው ካርዱን ማውጣት በቂ ነው። በመጨረሻ በመልቲሜትር ይለኩ፤ የወፍራሙ ሽቦ መከላከያ 1 ኦም ገደማ፣ የቀጭኑ ደግሞ ቆቡ ተነቅሎ ሲለካ ከ6,000 እስከ 7,000 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። በሌላ ስም በተሠሩ አምሳያዎች ላይ ቁጥሩ ጥቂት ሊለያይ ይችላል፤ ጨርሶ የማይነበብ ወይም ወደ ዜሮ የወረደ ከሆነ ግን ሽቦው ተበጥሷል ወይም እርስ በርሱ ተነካክቷል። መልቲሜትር የታሸገውን ትራንዚስተር መፈተን አይችልም፤ ስለዚህ ከላይ የተባለው ሁሉ ተሟልቶ፣ ልኬቱም ጤነኛ ሆኖ ብልጭታ ከሌለ አዲስ ቦቢና የመግዣው ጊዜ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፈው። የዛፍ መቁረጫ ሞተሬን ካንዴላ ፈትቼ ስሞክረው ብልጭታው በግልጽ ይታያል፤ መልሼ ስገጥመው ግን ሞተሩ አይነሣም። ብልጭታ ካለ ችግሩ የነዳጅ ነው ማለት አይደለም?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ብልጭታ ክፍት አየር ላይ 0.7 ሚሊሜትር ለመዝለል ከ2,000 እስከ 3,000 ቮልት ቢበቃው ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ግን ፒስቶኑ አየሩን አጭቆ ስለሚያጠብቀው ያንኑ ክፍተት ለመዝለል ብዙ እጥፍ ቮልት ይጠይቃል። ደካማ ቦቢና፣ ወይም ሸክላው በዓይን በማይታይ ስንጥቅ የተጎዳ ካንዴላ፣ ውጭ ሲፈተን እያሳመነ ውስጥ ሲገባ ይከዳል። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች አየሩ ስስ ስለ ሆነ የውጭው ፈተና ይበልጥ ይቀልላል፤ ስለዚህ ይበልጥ ያታልላል። እርግጠኛው ፈተና ብልጭታው ከአራት እስከ አምስት ሚሊሜትር የሚደርስ ክፍተት መዝለል መቻሉን ማየት ነው። ለዚህ የሚሆን የመፈተኛ ዕቃ ይሸጣል፤ ከሌለም የጎን ብረቱ ተቆርጦ የተወገደ አሮጌ ካንዴላ ያገለግላል።

ነዳጁን በተመለከተ፣ ገመዱን ብዙ ጊዜ ከሳቡ በኋላ ካንዴላውን ፈትተው ጫፉን ይመልከቱ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ወደ ሲሊንደሩ አልደረሰም፤ ጥያቄዎ የካርቡራተር ነው። ርጥብ ከሆነ ግን ቤንዚኑ ደርሶ የሚያቀጣጥለው አላገኘም፤ ወይም ቾኩ ተዘግቶ በመቆየቱ ከመጠን በላይ ገብቷል። የረጠበውን ካንዴላ አድርቀው፣ ቾኩን ከፍተው፣ ካንዴላው ሳይገጠም ገመዱን ደጋግመው በመሳብ ሲሊንደሩን አናፍሰው እንደገና ይሞክሩ። ስለ ካንዴላው ስንጥቅ ከተጠራጠሩ ደግሞ ጤነኛ መሆኑ በሌላ ሞተር ላይ የተረጋገጠ ካንዴላ ተውሰው መሞከር ከሁሉ ያጠረ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በሣር ማጨጃዬ ግቢውን ሳጭድ ምላጩ በሣር ውስጥ ከተደበቀ የዛፍ ጉቶ ጋር ተጋጭቶ ሞተሩ ባንዴ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ብልጭታ አለው፣ ቤንዚን ይደርሰዋል፤ ነገር ግን ገመዱን ስስብ እጄን መልሶ ይነጥቀኛል፣ አንዳንዴም በጭስ ማውጫው ይተኩሳል እንጂ አይነሣም።

መልስ፦ የነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያመለክታሉ፤ ብልጭታው አለ፣ ሰዓቱን ግን ስቷል። ቮላኖው በክራንክ ሻፍቱ (ፒስቶኑ በሚያዞረው ዋና ዘንግ) ላይ ቦታውን ይዞ የሚቀመጠው በሁለቱ ጎድጓዶች መካከል በምትገባ አንዲት ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። በሣር ማጨጃዎች ላይ ይህች ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ብረት ትሠራለች፤ ምላጩ ከጠንካራ ነገር ጋር ሲጋጭ ክራንክ ሻፍቱ ድንገት ይቆማል፣ ከባዱ ቮላኖ ግን መዞሩን ሊቀጥል ይፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ቁራጯ ተቆርጣ ቮላኖው ከቦታው ይንሸራተታል። ማግኔቱ ያለው በቮላኖው ላይ ስለ ሆነ፣ ቮላኖው በተንሸራተተ መጠን ብልጭታው ፒስቶኑ ወደ ላይ ደርሶ ሳይጨርስ ወይም ካለፈ በኋላ ይመጣል። የሁለት ሚሊሜትር መንሸራተት እንኳ ሞተሩን እንዳይነሣ ለማድረግ ይበቃል።

ማንኛውንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የካንዴላውን ገመድ ነቅለው ያርቁ፤ ምላጩን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሣው ስለሚችል ይህ ለጣቶችዎ ደኅንነት ነው። ማጨጃውን ማጋደል ካለብዎ የአየር ማጣሪያው ወደ ላይ በሆነበት ጎን ያጋድሉት፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ማጣሪያውና ወደ ካርቡራተሩ ይወርዳል። በቅድሚያ ምላጩን በእጅ ቀስ ብለው እያዞሩ በመካከሉ ያለውን ብሎን ይመልከቱ። ብሎኑ ክብ እየሠራ የሚዋልል ከሆነ ክራንክ ሻፍቱ ራሱ ተጣሟል፤ በእንዲህ ያለ ማጨጃ ላይ ገንዘብና ጊዜ ማፍሰስ አልመክርም፤ የተጣመመ ሻፍት ሞተሩን በመንቀጥቀጥ ይሰብረዋል፣ ለሚሠራበትም ሰው አደጋ ነው። ቀጥ ያለ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። የላይኛውን መሸፈኛና የቮላኖውን ዳዶ ፈትተው ከላይ ሲመለከቱ የሻፍቱ ጎድጓድና የቮላኖው ጎድጓድ አንድ መስመር ላይ ካልሆኑ ምርመራው አበቃ።

ቮላኖውን ለማውጣት ለዚሁ የተሠራውን መንቀያ ይጠቀሙ፤ ሻፍቱን በባዶው በመዶሻ መምታት ጥርሱን ያበላሻል። አዲሷ ቁራጭ ለሞተርዎ ሞዴል የተሠራች ትሁን። በምስማር ወይም በጠንካራ ብረት ቆርጦ መተካት ብልሃት መስሎ የሚታያቸው አሉ፤ ይሁን እንጂ ያች ለስላሳ ቁራጭ የተሠራችው በግጭት ጊዜ ራሷ ተቆርጣ ሻፍቱን እንድታተርፍ ነው፤ በጠንካራ ከተተካች የሚቀጥለው ግጭት ሻፍቱን ይወስዳል። ሲገጥሙም የሻፍቱን ሾጣጣ ክፍልና የቮላኖውን ቀዳዳ ከዘይት አጽድተው፣ ዳዶውን በመመሪያው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ያጥብቁ። ቮላኖውን በእውነት የሚይዘው የሁለቱ ሾጣጣ ገጾች መጣበቅ ነው፤ የላላ ዳዶ ያለ ምንም ግጭት ቁራጯን ሊቆርጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ጄኔሬተሬ ሲነሣ ጥሩ ይሠራል፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ግን ራሱን ያጠፋል። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይነሣል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሞተሩ በቆመ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውስጥ የሚያደርጉት ነገር መልሱን ይሰጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ምንም አይነግርዎትም። ጄኔሬተሩ በቆመ ቅጽበት የቤንዚን መያዣውን ክዳን ላላ ያድርጉና መልሰው ለማስነሣት ይሞክሩ። አየር እየሳበ ሲገባ ከሰሙና ሞተሩ ከተነሣ፣ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ ቤንዚኑ ወደ ታች እንዳይወርድ የሚያግደው በመያዣው ውስጥ የተፈጠረው ባዶነት ነው። ክዳኑን ማጠብ ብቻ ይበቃል። በዚህ ምክንያት ቦቢና የቀየሩ ሰዎች መኖራቸውን ከደብዳቤዎች አውቃለሁ።

ክዳኑ ካልሆነ፣ ሞተሩ ትኩስ እንዳለ ክዳኑን መልሰው ዘግተው፣ ከላይ ለመቂው ጠያቂ በተገለጸው ጥንቃቄ ሁሉ ብልጭታውን ይፈትኑ፤ የጭስ ማውጫውና ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) እጅ እንዳያቃጥሉ ይጠንቀቁ። በትኩሱ ብልጭታ ከሌለና ሲቀዘቅዝ ከተመለሰ ቦቢናው በእርግጥ ታሟል፤ በውስጡ የተሰነጠቀው ቀጭን ሽቦ በሙቀት ሲለጠጥ ይለያያል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል፤ ትራንዚስተሩም እንዲሁ በሙቀት ሥራ ሊያቆም ይችላል። የዚህ መፍትሔ መቀየር ብቻ ነው። ነገር ግን አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት አሮጌውን ያሞቀውን ምክንያት ይፈልጉ። በሲሊንደሩ የማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል አቧራና ዘይት ተጋግሮ እንደ ሆነ ይጥረጉት። የማራገቢያው መሸፈኛ ተነቅሎ እንደ ሆነም ይመልሱት፤ «አየር እንዲያገኝ» ተብሎ የሚነቀለው ይህ ቆርቆሮ የቮላኖውን ነፋስ ወደ ሲሊንደሩ የሚመራው እርሱ ስለ ሆነ፣ ያለ እርሱ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል። ጄኔሬተሩ በጠባብ ቦታ ተዘግቶ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ውጭ ያውጡት፤ ሞተሩ ከሚሞቀው በላይ የሚያሰጋው የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በጄኔሬተር እሠራለሁ። ካንዴላው በየጥቂት ሳምንቱ ጥላሸት ለብሶ ይጠቁርና ሞተሩ ይንተፋተፋል። አዲስ ስገጥም ይስተካከላል፤ ከዚያ ደግሞ ያው ነው። ጥሩ ካንዴላ የትኛው ነው?

መልስ፦ ጥፋቱ የካንዴላው አይመስለኝም። ደረቅና ልስልስ ጥቁር ጥላሸት የሚናገረው ቤንዚኑ ለአየሩ መብዛቱን ነው። ጥላሸቱ ካርቦን ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በሸክላው ላይ ሲጋገር ቮልቱ ክፍተቱን ከመዝለል ይልቅ በጥላሸቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ ይፈስሳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ካርቡራተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ፣ በስሱ የደጋ አየር ውስጥ ያንኑ ያህል ቤንዚን ሲያፈስ ቅልቅሉ ይወፍራል። ሆንዳ ራሱ በመመሪያ መጻሕፍቱ ሁልጊዜ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠሩ ሞተሮቹ ካርቡራተሩ እንዲስተካከል ይመክራል፤ ይህም በዋነኛነት የቤንዚን ማለፊያዋን ቀዳዳ በጠባብ መተካት ነው። ይህ ተደርጎም ቢሆን በየ300 ሜትሩ ጉልበቱ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ በእናንተ ከፍታ ሲሰላ ሲሶውን ያህል ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈውን ሙሉ ጉልበት አይጠብቁበት።

ወደ ካርቡራተሩ ከመሄድዎ በፊት ግን ሁለት ቀላል ነገሮችን ያረጋግጡ፤ የአየር ማጣሪያው አለመደፈኑንና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቾኩ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚንም ያንኑ ጥላሸት ያመጣል። ጥቁረቱ ደረቅ ሳይሆን ዘይት የተቀባ ርጥብ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከፒስቶኑ ፋሻዎች ወይም ከቫልቩ በኩል ዘይት እየገባ ነው። ጤነኛ ካንዴላ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ካንዴላው ምርጫ፣ የጄኔሬተርዎ ሞተር የጂኤክስ160 አምሳያ ከሆነ የሚታዘዝለት የካንዴላ አምራቹ የኤንጂኬ ቢፒአር6ኢኤስ ነው። ከፊደላቱ መካከል ያለው ቁጥር የካንዴላውን ሙቀት ይናገራል፤ በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ በበለጠ መጠን ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ካንዴላ ደግሞ ጥላሸቱን አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት አይችልም። ሰባት ቁጥር የተገጠመለት ከሆነ መጥቆሩ አያስገርምም። የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር ነው፤ ከዚህ የረዘመ ካንዴላ ፒስቶኑን ሊመታ ስለሚችል ከአሮጌው ጎን አስቀምጠው ሳያስተያዩ አይግዙ። ክፍተቱን ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር አስተካክለው፣ መጀመሪያ በእጅ እስኪቀመጥ ድረስ ካዞሩት በኋላ አዲስ ከሆነ በመፍቻ ግማሽ ዙር፣ ያገለገለ ከሆነ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ዙር ብቻ ያጥብቁት። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለ ሆነ በጉልበት የጠበቀ ካንዴላ ጥርሱን ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ አባቴ ትተውልኝ የሄዱት አሮጌ የእርሻ ሞተር ባሕር ዳር ቤቴ አለ። ፑንቲና ያለው ዓይነት ነው። ለብዙ ዓመታት ስላልሠራ ብልጭታ የለውም። ማዳን ይቻላል?

መልስ፦ በጣም ይቻላል፤ እንዲያውም የፑንቲና ሞተር ሁሉ ነገሩ ስለሚታይ ለመጠገን የሚያስደስት ነው። ፑንቲና በትራንዚስተር ፋንታ እየተከፈተ የቦቢናውን ፍሰት የሚቆርጥ መገናኛ ነው። ለረጅም ጊዜ የቆመ ፑንቲና በእርጥበትና በዘይት ትነት የተነሣ በመገናኛ ገጾቹ ላይ ስስ ልባስ ያበጃል፤ ያች ልባስ ብቻዋን ፍሰቱን ታግዳለች። ቮላኖውን አውጥተው፣ ፑንቲናውን ከፈት አድርገው፣ ንጹሕ ወፍራም ወረቀት በመካከል አስገብተው ሲዘጋ እየጎተቱ ይጥረጉት፤ ገጾቹ ከጎደጎዱ በደቃቅ ሞረድ ያስተካክሏቸውና በመጨረሻ እንደገና በወረቀት ያጽዱ። ክፍተቱ ፑንቲናው እጅግ በተከፈተበት ቦታ ይለካል፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በፑንቲናው ላይ ብሩህ የእሳት ብልጭታ በተከታታይ ከታየና ገጾቹ ቶሎ ከተቃጠሉ ይህን እሳት የሚከላከለው ኮንደንሰር ሞቷል፤ ዋጋው ቀላል ስለ ሆነ ከፑንቲናው ጋር አብሮ ቢቀየር ይሻላል።

መለዋወጫው ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ። የአሜሪካው የሞተር አምራች ብሪግስ ኤንድ ስትራተን በ1982 ፑንቲናን በኤሌክትሮኒክ ብልጭታ መተካት ከጀመረ በኋላ በብዙ አሮጌ ሞተሮች ላይ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩን የሚተኩ ትናንሽ ሞጁሎች ወጥተዋል። ሞጁሉ የሚገጠመው በነባሩ ቦቢና ላይ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የቦቢናውን የሽቦ መከላከያ በመልቲሜትር ይለኩ፤ የተበጠሰ ቦቢናን ሞጁል አያድነውም። ሲገጥሙም ወደ ፑንቲናው ትሄድ የነበረችውን ሽቦ ቆርጠው ጫፏን በደንብ ይሸፍኑ፤ ሳትሸፈን ቀርታ የሞተሩን ብረት ከነካች አዲሱም ሞጁል ብልጭታ አይሰጥም።